የመጽሐፍ ክብደት

ዶሎ ኦዶ ላይ መጽሐፍ የሚለካው በሜጋባይት ነው። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» በእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ ሥዕልና ጌጥ በሌለው ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ 3 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። ያን ሁሉ መስፍንና ወይዘሮ፣ ያን ሁሉ ሠራዊት፣ የቦሮዲኖን ጢስና የሞስኮን ቃጠሎ ተሸክሞ 3 ሜጋባይት! ሌሊት ኔትወርኩ ቀለል ሲል፣ የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ስልኬ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ግን፣ ገጹ ከመቶ ሃምሳ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ 80 ሜጋባይት ነበር። ሦስት ሌሊት ተንፏቀቀ። በሦስተኛው ሌሊት መስመሩ ተቋረጠና እስከዚያ የወረደውም ሁሉ አብሮ ባከነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቶልስቶይ መጽሐፍ ፊደል ነው፣ የእኛው ደግሞ የፊደል ፎቶግራፍ።

ስለ ነጻ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ዋጋን ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ በር ጠባቂ የለውም፣ መታወቂያ አይጠየቅበትም። እውነት ነው። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚያነብ ሰው ግን ከዋጋው ይልቅ ክብደቱ ያሳስበዋል። ስለዚህ ስለ ክብደቱ ጥቂት ልበል።

ከተማይቱን ለማያውቅ አንባቢ፦ ዶሎ ኦዶ ገናሌና ዳዋ የሚገናኙባት፣ ከዚያም ጁባ የሚለውን ስም ይዘው ወደ ሶማልያ የሚዘልቁባት የቆላ ከተማ ናት። ኬንያም ሩቅ አይደለችም። ስልኬ አልፎ አልፎ የጎረቤት አገር ኔትወርክ ይይዝና እንኳን ደህና መጡ የሚል መልእክት ያደርሰኛል፤ እኔ ግን ከአልጋዬ አልተነሣሁም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ከሶማልያ ጦርነትና ረሃብ ለሸሹ ሰዎች በዙሪያዋ አምስት መጠለያዎች ተከፍተዋል፤ ቦቆልማዮ፣ መልካ ዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂሎዌንና ቡራሚኖ። የመጻሕፍት መደብር ግን እዚህ በቆየሁባቸው ዓመታት አላየሁም። የተማሪ መማሪያ መጽሐፍ አለ፤ በየመድረሳው ቁርኣን አለ፤ ልብ ወለድ የሚፈልግ ሰው ግን ከነገሌ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ለምኖ ማስመጣት አለበት። እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ መጽሐፍ የምናገኘው እንግዲህ ከስልክ ነው።

«ራሴላስ»ን ያነበብኩት በዚህ ሁኔታ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተማት ይህች ትንሽ መጽሐፍ ብትመዝን ሩብ ሜጋባይት ያህል ነው። ጆንሰን የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች እንደጻፋት ቦዝዌል በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ይተርካል። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ወጣት ሳለ የፖርቱጋላዊውን ቄስ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበርና (ትርጉሙ በ1735 ወጥቷል) ከዚያ የቀረውን ትዝታ በምናቡ አሳደገው። በተራራ በታጠረ የደስታ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር አንድ ልዑል ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ሳለ ይሰለቻል፤ ተራራውን ፈልፍሎ፣ ከእህቱና ከአንድ ባለቅኔ ጋር አምልጦ፣ የሰው ልጅ እንዴት ሊኖር እንደሚገባው ሊጠይቅ ወደ ካይሮ ይወርዳል።

ይህን ታሪክ ለንደን ወይም አዲስ አበባ ተቀምጦ ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ዶሎ ላይ ማንበብ ሌላ ነው። እዚህ የሚያጥር ተራራ የለም። ድንበሩ ወንዝ ነው፤ ወንዙን የሚሻገረውም ሰው ደስታ ሰልችቶት አይደለም። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳነብ ከመጠለያ የመጣ አንድ ወጣት ምን እንደማነብ ጠየቀኝ። በሚገባን ቋንቋ ሁሉ እየተጋገዝን ታሪኩን ባጭሩ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ የሚበላው እያለው ለምን ወጣ?» አለኝ። ጆንሰን መጽሐፉን የጻፈው ይህችን ጥያቄ ለማሳደድ ነው፤ ልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደረሰባት። መጨረሻ ላይ ተጓዦቹ ሁሉ ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኙ እንደሚቀሩ ስነግረው ሳቀ። «እኛስ ብንጠይቅ ማን ይነግረናል?» ብሎ ሻዩን ጨረሰ።

«ራሴላስ» አማርኛም ተናግሯል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማረው ሲራክ ኅሩይ፣ ወደ አማርኛ መልሶታል። ይህን ትርጉም ብዙ ሌሊት ፈልጌዋለሁ። እንግሊዝኛው በአሥር ዓይነት መልክ ይመጣል፤ በተራ ጽሑፍ፣ ለስልክ በተሰናዳ ቅጽ፣ በበጎ ፈቃደኞች ድምፅ ሳይቀር። የአማርኛው ግን አልመጣልኝም። ስለ ኢትዮጵያ ልዑል የተጻፈ፣ በኢትዮጵያዊ እጅ ወደ ኢትዮጵያ ቋንቋ የተመለሰ መጽሐፍ እያለ፣ እኔ ከእንግሊዝኛው እያነበብኩ ለባልደረባዬ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ እርሱም አጠገቡ ለተቀመጠው በሶማልኛ ያስረዳል። እንዲህ ሆኖ የማታ ጨዋታችን አልጎደለበትም፤ ሆኖም የሲራክ ድካም የት ገባ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የሰው እጅ ሥራ ነው። ማይክል ሃርት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ላይ የአገሩን የነጻነት አዋጅ ሲተይብ የጉተንበርግ ፕሮጀክት ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት ሥራው የኤሊ ጉዞ ነበር። በ2000 ቻርለስ ፍራንክስ የተባለ ሌላ ሰው ሸክሙን ለብዙ ትከሻ የሚያከፋፍል ዘዴ አመጣ፤ የገጹ ፎቶግራፍ በአንድ ወገን፣ ማሽኑ ከፎቶግራፉ ያነበበው ጽሑፍ በሌላ ወገን ይቀመጣል፣ አንድ በጎ ፈቃደኛ ያርማል፣ ሌላው ያረመውን ያርማል። በቀን አንዲት ገጽ የሚሠራ ሰው ሥራው አይናቅበትም። ዛሬ የዚያ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከ70 ሺህ በላይ ነው። እኔ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዕድሜ የማወርደው ልብ ወለድ ጀርባ ስንት የማላውቃቸው ሰዎች ነጠላ ሰረዝ ሲለቅሙ አምሽተዋል!

ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ የእኛው ቁም ጸሐፊ ነው። ብራናውን ፍቆ፣ መስመር አስምሮ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ ወራት ሲጽፍ ይኖርና በመጨረሻው ቅጠል ላይ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። በጉተንበርግ ፋይሎችም ላይ ያሰናዱት ሰዎች ስም ይገኛል፤ ጸሎት አይለምኑም እንጂ። በእኛው ዘመንም የዚህ ወገን ሰው ነበረን። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ባለቅኔ ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተርጉሞ፣ ብጥስጣሽ ወረቀቱ በድብቅ እየወጣ፣ ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ለአንባቢ ደርሷል። ወረቀት አጥቶ እንዲህ ካደረገ፣ በእጃችን ስልክ ይዘን የምናመካኘው ምን እንደሆነ አይገባኝም።

ፊደላችንን የሚያማ ሰው አለ። ባልደረባዬ ራሱ ያማዋል። ሶማልኛ እ.ኤ.አ. በ1972 የላቲን ፊደል ከያዘ ወዲህ የታተመውን ማንኛውም ማሽን ብዙም ሳይቸገር ያነበዋል፤ «ፊደላችን ጥንታዊ ነው እያላችሁ ትኮራላችሁ፤ እስኪ ስልክህ ያንብበው!» ይለኛል። ግማሽ እውነት አለው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መተየብና መላክ ችግር አልሆነም። ፎቶግራፍ አንብቦ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መሣሪያም ለአማርኛ አለ። ነገር ግን አሮጌ የእርሳስ ፊደል ኅትመት ላይ ሲደርስ ይደናበራል። የ«ቡ» ቅጥያ ሲደበዝዝ «በ» ይሆንና ቡናችን «በና» ተብሎ ይመጣል። የ«ሉ» ቅጥያ ሲጠፋ «ለ» ይሆናል፤ አረፍተ ነገሩም ባለቤቱን ይለውጣል። ከዚያ ደግሞ ሦስቱ «ሀ»፣ ሁለቱ «ሰ»፣ ሁለቱ «አ»፣ ሁለቱ «ጸ» አሉ። የአንድ ሰው ስም በአንዱ መጽሐፍ በ«ኀ»፣ በሌላው በ«ኃ»፣ በሦስተኛው በ«ሃ» ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በአንዱ የሚፈልግ ሌሎቹን አያገኝም። ዞሮ ዞሮ ማሽን የጀመረውን ፊደል የሚያውቅ ሰው ዐይን መጨረስ አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ከኮሌጅቪል ወይም ከኢሊኖይ አይመጣም።

ኮሌጅቪልን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የገዳማትና የአድባራት ብራናዎቻችን ቅጂ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው በሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ይህን ሀብት በዝርዝር ለመመዝገብ ነው። ዛሬ ተመዝግቦ የገባ ሰው ብዙዎቹን ያለ ክፍያ ማየት ይችላል። እኔም አይቻለሁ፤ አንዱን ቅጠል። ሁለተኛው እስኪከፈት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሕጉስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነገሩ ይገርማል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ነውና «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ለአሥርተ ዓመታት የወራሾቻቸው ነው። ነገር ግን በየቴሌግራሙ እጅ በእጅ የሚዞረው እርሱና እርሱን የመሰሉት ናቸው። በአንጻሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1938 በስደት ሳሉ እንግሊዝ አገር አርፈዋል፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1947 አርፈዋል። የእነርሱ ጽሑፍ በአገራችን ሕግ የማንም ያልሆነ፣ የሁላችን የሆነ ነው። ይህን ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንንም ሳይለምን ሊያድለው የሚችለውን ሀብት ግን ቁጭ ብሎ የሚተይበው ሰው ጥቂት ነው። የተከለከለውን እንሻማለን፣ የተፈቀደውን እንረሳለን። አራት ኪሎ ላይ በእግሩ ሄዶ መግዛት የሚችል ሰው የደራሲን መጽሐፍ በስልክ ሲቀባበል አልወድለትም፤ ደራሲያችን በሌላ ምን ይኖራል? መደብር በሌለበት ያለውን ሰው ግን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም።

የነጻ ቤተ መጻሕፍት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም መቼም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ስንት መንደር ነበር ተሰብስቦ ያዳመጠው? ማንበብ የማይችለው ገበሬ ጉዱ ካሣን ያወቀው በዚያ ድምፅ ነው። ትረካው ዛሬም በስልክ ይዞራል፤ እኔም ይዤዋለሁ። የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «አዴር» የምንላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ምሽት ድምፁን ሰምተው ወንበራቸውን አስጠጉ። አማርኛ ጥቂት ይሰማሉ፤ ባልደረባዬ የቀረውን ይሞላላቸው ጀመር። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ተወው፣ አትተርጉምልኝ፤ ድምፁ ይበቃኛል» አሉት። ትረካው ሲያበቃ፣ በቃላቸው ያለ አንድ ረጅም የሶማልኛ ግጥም አወረዱ፤ የግመል ጠባቂ እንጉርጉሮ ነበር። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሶማሌ አገር በገጣሚ የተሞላ መሆኑን ተደንቆ ጽፏል፤ ያንንም መጽሐፍ ያገኘሁት ከዚያው ከነጻው ቤት ነው። የአዴርን ግጥም ግን በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አላገኘሁትም። የማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «የአባቴ አጎት ነው» ብለው ብርጭቆ ሊሰበስቡ ተነሡ።

ስለ ወንዛችንም የተጻፈ መጽሐፍ አለ። ጣልያናዊው ቪቶርዮ ቦቴጎ በ1892 እና 1893 የጁባን ምንጭ ፍለጋ በዚህ ወገን ተጉዞ በ1895 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ገናሌን «ገናሌ ዶርያ» ያለው እርሱ ነው፤ ዶርያ የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ሰው ስም ነው። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ በማያውቀው ባለሥልጣን ስም ተጠራ! ይህን ለአዴር ስነግራቸው «ከዚያ በፊት ስም አልነበረውም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ቦቴጎ በጣልያን ያሳተመውን መጽሐፍ በጣልያንኛ፣ በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ፣ ገጽ ገጹን ሳገላብጥ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ 13 ዓመት ዘግይቶ፣ በ1908፣ በዚያው በጣልያን አገር፣ በሮማ፣ አንድ ሌላ መጽሐፍ ታትሟል። ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ የነበሩት አፈወርቅ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያወጡት፣ እኛ በኋላ «ጦቢያ» ያልነው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ወንዙን የሰየመውን መጽሐፍ ከአልጋዬ ሳልነሣ አነበዋለሁ፤ ልብ ወለድ ለሚለው ቃል መነሻ የሆነንን መጽሐፍ ግን በፊደል የተጻፈ ፋይል ሆኖ አላገኘሁትም።

ይልቁንም እነዚያ የውጭ ቤቶች ዘላለም እንዲቆሙልን መተማመን አያሻም። ብሩስተር ኬል በ1996 የመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ በ2020 በአራት ትልልቅ አሳታሚዎች ተከሶ፣ በ2023 ተረትቶ፣ በ2024 ይግባኙም ሳይሳካ ቀርቶ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት ከውሰት መደርደሪያው አውርዷል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ደግሞ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ተመትቶ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። የብሪቲሽ ላይብረሪም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶበታል። ፋይሉ ስልኬ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ግን ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም የእኔ ነው፤ ለጎረቤቴም ስልክ ለስልክ አሻግረዋለሁ። ይህ የሚሆነው ግን ቀላል ከሆነ ነው።

ስለዚህ እኔና ባልደረባዬ «ጦቢያ»ን እየተየብን ነው። ወዳጄ በመንገደኛ እጅ የላከልኝ ፎቶ ኮፒ አለን። ከመግሪብ በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ እርሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ እተይባለሁ፤ በማግስቱ ቦታ ተለዋውጠን እኔ አነባለሁ፣ እርሱ በተተየበው ላይ እየተከተለ ያርማል። ትምህርት ቤት በተማረው አማርኛ የአፈወርቅን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲወጣው ማየት ደስ ይላል፤ አንዳንዴ ትንፋሹ ያልቅና «ይህ ሰው ነጥብ አያውቅም ወይ?» ይላል። በአጻጻፉ ላይ ተከራክረናል። እርሱ ሞክሼ ፊደላቱ ሁሉ ወደ አንድ ይምጡ ባይ ነው፤ እኔ አፈወርቅ እንደጻፉት ይቆይ አልኩ። በመጨረሻ ሁለት ፋይል እንዲሆን ተስማማን፤ አንዱ እንደ ጥንቱ፣ ሌላው ለፍለጋ እንዲመች የተስተካከለ።

አንድ የግዕዝ ሆሄ በኮምፒዩተር ውስጥ የላቲኑን ሦስት እጥፍ ቦታ ይይዛል። ይህን የነገረኝ እርሱ ነው፤ በሳቅ። ቢሆንም እስከ ትናንት ማታ የጨረስነው 21 ገጽ ሲመዘን 80 ኪሎባይት ያህል ሆኖ አገኘነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አዲስ አበባ ላለው ወዳጄ ልኬለት በሰከንድ ደርሶታል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣበት ቦታ ላይ ገና አልደረስንም፤ አዴር በየማታው ደረሰች ወይ እያሉ ይጠይቁናል።